አበባው ከእህሉ ይቀድማል፦ የልጅነት ወቅቶች በሐይቅና በአምባሰል

ስለ ወሎ ልጅነት የሚዘፈነውና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር መስከረም ላይ ይቆማል። መስኩ አደይ አበባ ለብሷል፣ የአምባሰል ሰንሰለት ከጉሙ ወጥቷል፣ ልጆች በቡድን እየዘፈኑ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ሥዕሉ ሐሰት የለበትም፤ የጎደለው ግን ብዙ ነው። ሥራው የለም፣ ረሃቡ የለም፣ የአገሬው ሰው አብዛኛው ክፍልም የለም። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ የአካባቢው የወቅት በዓላትና የልጆች ጨዋታ ማኅበረሰቡ ተፈጥሮ የሰጠችውን የሚካፈልባቸው፣ የነፈገችውንም ተያይዞ የሚሻገርባቸው ሥርዓቶች ነበሩ የሚል ነው። ትዝታችን ይህን ካልያዘ ከልጅነቱ የቀረልን ቀለሙ ብቻ ነው።

መልክዓ ምድሩን ማስቀደም ይገባል። የሐይቅ ከተማ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። በአጠገቧ ያለው ሐይቅ ውኃው ፈስሶ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ የዝናቡን መብዛትና ማነስ በዳርቻው ከፍታና ዝቅታ ይናገራል። ከሐይቁ ወደ ሰሜን የአምባሰል ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ፤ ግርጌያቸው ደግሞ ቆላ ነው። ደገኛው በየካቲት የሚጀምረውን የበልግ ዝናብ አምኖ ገብስ ይዘራል፤ የወይና ደጋውና የቆላው ገበሬ ማሽላና ጤፉን ለማድረስ ክረምቱን ይጠብቃል። አንድ ልጅ ወደ ዘመድ ቤት ሽቅብ ወይም ቁልቁል ሲላክ በአንድ ቀን መንገድ ከአጨዳ ወደ ቡቃያ ይሻገር ነበር። ስለዚህ «የወሎ መስከረም» ብለን በጅምላ የምንጠራው ነገር ለደጋው ልጅና ለቆላው ልጅ አንድ አልነበረም።

ከክረምቱ በዓላት ቡሄን በቅርበት ብናየው ነገሩ ይገለጣል። ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው ይህ በዓል በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ የጅራፉ ድምፅ በተራራው ላይ የተሰማው የአብ ድምፅ፣ ችቦውም የታየው ብርሃን ምሳሌ ተደርጎ ይተረጎማል። እረኛው ግን ትርጓሜውን ከመማሩ በፊት ጅራፉን ይማራል። ልጡን ልጦ፣ አለስልሶ፣ በእጀታው በኩል አወፍሮ ወደ ጫፉ እያቀጠነ ይገምደዋል፤ ጫፉ ላይ ቀጭን ቃጫ ያስርበታል። ድምፁን የሚያወጣው ያ ጫፍ ነው። አገማመዱ ከተበላሸ ጅራፉ ይጋረፋል እንጂ አይጮኽም። ልጁ ከእንጨት፣ ከልጥና ከእጁ ጋር የሚተዋወቅበት ትምህርት ነው፤ መምህሩም ከእሱ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት የሚበልጥ ሌላ እረኛ ነው።

የበዓሉ ወር ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። ክረምቱን በሚጠብቀው ገበሬ ቤት በነሐሴ ጎተራ ይጎድላል፤ ያምናው እህል አልቋል፣ የዘንድሮው ገና አረንጓዴ ነው። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ደጅ የሚመቱት እንግዲህ እናት ዱቄቷን ሰፍራ በምታወጣበት ሰሞን ነው። ሙልሙሉ ከየቤቱ ይሰበሰብና ቡድኑ ይካፈለዋል፤ እናቱ መጋገር ያልቻለችለት ልጅም ድርሻ አለው። ልጆቹ በምላሹ ቤቱን ይመርቃሉ። ሰጪው ምርቃቱን ስለሚፈልገው ተቀባዩ ለማኝ አይሆንም፤ ክብሩ ይጠበቃል። ቡሄን «የልጆች ጨዋታ» ብለን ስናልፈው ከዓመቱ ሁሉ በሚከብደው ወር ምግብ ወደ ልጆች የሚደርስበትን ይህን ብልሃት ሳናይ እንቀራለን።

የእንቁጣጣሹም ነገር ከዚህ ይያያዛል። አደይ አበባ በክረምቱ ዝናብ በቅሎ በመስከረም የሚፈነዳው በእርሻ ዳርና ጦም ባደረ መሬት ነው። ሴቶች ልጆች አበባውን ለቅመው፣ ቄጤማ ይዘው ሲዘፍኑ ማሽላው ገና አላፈራም፣ ጤፉም አልታጨደም። አበባው ከእህሉ ይቀድማል። የመስከረም ደስታ እንግዲህ የጥጋብ ደስታ አልነበረም፤ ዝናቡ ቃሉን እንደጠበቀ የታየበት የተስፋ ደስታ ነው። ሕፃናት ደጅ ለደጅ ዘምረው አዲስ ዓመትን ማብሠራቸው በሌላም አገር አለ። በዌልስ ልጆች ካለኒግ ለሚባለው የአዲስ ዓመት ስጦታ ጠዋት ከቤት ቤት እየዞሩ ይዘፍኑ ነበር፤ በዚያው አገር በግዋይን ሸለቆ ደግሞ ብሪታንያ በ1752 እ.ኤ.አ. የቀን አቆጣጠሯን ብትለውጥም አዲሱ ዓመት እስከ ዛሬ በአሮጌው አቆጣጠር ጥር 13 እ.ኤ.አ. ይከበራል። መንግሥት የለወጠውን አቆጣጠር አንድ ሸለቆ ከልጆቹ ዘፈን ጋር አቆይቶታል። የወቅት ሥርዓት ጽናት ሲጠና ልጆች የሚታለፉ አጃቢዎች አለመሆናቸውን ይህም ያስረዳል።

ከመስቀል በኋላ ዋናው የልጆች ሥራ ወፍ መጠበቅ ነው። ማሽላው ወተት ሲይዝ ልጁ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን በጭቃ ወይም በጠጠር ሞልቶ ከማለዳ እስከ ምሽት ይጮኻል። ደሞዙ ጥንቅሽና እሸት ነው። የወሎ ገበሬ ከዋናው ማሽላ መሐል ለእሸት የሚሆኑ ዓይነቶችን አሰባጥሮ ይዘራል፤ ከነዚህ አንዱ «ወተት በጉንጬ» ይባላል። ፍሬው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ምርቱም አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ሳይደርቅ በእሳት ተጠብሶ፣ ታሽቶ ትኩሱን ይበላል። በ1973 እ.ኤ.አ. የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል ከዓለም ዙሪያ ከተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ናሙናዎች ውስጥ ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር እጅግ የበለጸጉ ሁለት የኢትዮጵያ ዓይነቶች ማግኘታቸውን አሳተሙ፤ የተገኙትም ከወሎ ነው። ማማ ላይ የሚውለው ልጅ የሚወደው እሸት ለሚያድግ ሰውነት የሚበጅ ሆኖ ተገኘ። ገበሬው ምርቱ አንሶም እያለ ዘሩን ትውልድ ከትውልድ ያቆየው ስለ ጣዕሙ ነው፤ በዚህ የልጆች ምላስ ድርሻ አለው ብል አላጋነንኩም።

ያው 1973 እ.ኤ.አ. የወሎ ረሃብ ለዓለም የተገለጠበት ዓመት መሆኑ ግን ልብ ይሰብራል። የእንዲህ ያለ ዘር ባለቤት የሆነ አገር ዝናብ ሲነሳው፣ ገዥዎቹም ሲደብቁበት ልጆቹን ቀበረ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ መከራው ተደገመ፤ ብዙ ቤተሰቦች በሰፈራ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር ተወሰዱ። የለመዱት ዛፍ፣ የለመዱት የዝናብ ወርና የለመዱት ጎረቤት በአንድ ጊዜ ራቃቸው። የዚያ ትውልድ ናፍቆት ከአበባው ጋር ይህንንም ይዟል።

ሌላው ትልቅ ጉድለት የሃይማኖት ነው። የሐይቅ ከተማ ባለችበት በተሁለደሬ ወረዳም ሆነ በአምባሰል አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ የታተመው የልጅነት ትዝታ ግን ባመዛኙ በቡሄ፣ በእንቁጣጣሽና በመስቀል ዙሪያ ይሽከረከራል። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር አረፋና መውሊድ ወቅቶችን ሁሉ ዞረው ወደ ቦታቸው የሚመለሱት በ33 ዓመት ግድም ነው። አረፋ በመስከረም 1976 ዓ.ም. ውሎ ነበር፤ ከ33 ዓመት በኋላም በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ መስከረም 2 ቀን 2009 ዋለ። በ1976 በአበባ መሐል አረፋን የጨፈረች ሕፃን፣ ያንኑ ስትመለከት የልጆች እናት ሆናለች። የክርስቲያኑ ልጅ በዓል ከአንድ ወቅት ጋር ሲጋባ የሙስሊሙ ልጅ በዓል የእያንዳንዱን ትውልድ ልጅነት በሌላ አየር ያውደዋል፤ አንዱ አረፋን በጭቃ፣ ሌላው በአውድማ ያስታውሰዋል። ሁለቱ ልጆች በአንድ መስክ ከብት እየጠበቁ፣ በአንዱ በዓል ሌላው እየተጠራ ነው ያደጉት። ዝናብ ሲዘገይም አንዱ ቤት ምሕላ፣ ሌላው ቤት ቡናው ፈልቶ ድቤው እየተመታ የወዳጃ ጸሎት ይያዛል፤ የሚለመነው ደመና አንድ ነው።

የአካባቢው ስም በዜማም ይታወቃል፤ ከአራቱ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ የአምባሰልን ተራራ ስም ይዞ በአገሩ ሁሉ ይሰማል፤ እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉ ድምፃውያንም ዝናውን አስፍተውታል። ይህ ኩራት ነው። ነገር ግን ዜማው ከተራራው ርቆ በሄደ ቁጥር አድማጩ አምባሰልን የናፍቆት ስሜት ብቻ አድርጎ ይይዘዋል፤ በልግ የጠፋበት ደገኛ፣ ማማ ላይ ድምፁ የተዘጋ ልጅ አይታወሱትም። ዜማውን ለዚህ መውቀስ አይገባም፤ ኃላፊነቱ ስለ ዜማው በምንጽፈው በእኛ ላይ ነው።

ስለዚህ የአካባቢውን የልጅነት ትውፊት የሚሰበስብ ሰው ግጥሙን ብቻ ቀድቶ መመለስ የለበትም። የተዘፈነበት ወር፣ የቀበሌው ከፍታ፣ ያኔ ጎተራው የነበረበት ሁኔታ፣ በቡድኑ ውስጥ የነበሩት የሁለቱም እምነት ልጆች፣ ሴቶቹና ወንዶቹ የነበራቸው የሥራ ድርሻ አብሮ ሊመዘገብ ይገባል። የእሸት ማሽላ ዓይነቶችን ስም ከነጣዕማቸው የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዛሬም አሉ፤ የባህል አጥኚና የግብርና ተመራማሪ አብረው ሊጠይቋቸው ይችላሉ። እንዲህ የተያዘ ትዝታ ለሚመጣው የሐይቅና የአምባሰል ልጅ ከውብ ሥዕል የበለጠ ነገር ያወርሰዋል፦ በክፉ ወር እንዴት መካፈል እንደሚቻል፣ ምን መዝራት እንደሚገባ፣ ከማን ጋር ዝናብ እንደሚለመን።