የሕፃኑ ተራ

ሕፃን ቶሎ አፉን እንዲፈታ ምን እናድርግ ለሚሉ ወላጆች የሚሰጠው የተለመደ ምክር «አብዝታችሁ አውሩት» የሚል ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ግን ግማሽ ነው። በንግግር ሕክምና ሙያ ለወላጅ ከምናስተምረው ሁሉ ከባዱ ተናግሮ ዝም ማለት ነው፤ ዓይን ዓይኑን እያዩ ጥቂት ሰከንድ መታገሥ፣ «ባ» ሲል ደግሞ ያችን ድምፅ እንደ ሙሉ መልስ ተቀብሎ መመለስ።

ቃል የሌለው ልጅ ምን ተራ አለው የሚል ይኖራል። ተመራማሪው ማይክል ጎልድስታይንና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የ8 ወር ሕፃናት ድምፅ ባሰሙ ቁጥር ግማሾቹ እናቶች ወዲያው ፈገግ እንዲሉ፣ ጠጋ ብለው እንዲነኳቸው ተደረገ። የቀሩት እናቶች ያንኑ ያህል ፈገግታና ዳሰሳ ሰጡ፤ ጊዜው ግን ከልጁ ድምፅ ጋር አይገጥምም ነበር። ድምፃቸው ይበልጥ ወደ ንግግር የቀረበው ወዲያው ምላሽ ያገኙት ልጆች ናቸው። ፍቅሩ እኩል ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ጊዜው ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የፓትሪሺያ ኩል ጥናትም ከዚህ ይገጥማል፦ የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት 12 ጊዜ ማንዳሪን ቻይንኛ ከሚናገር ሰው ጋር እየተጫወቱ የቋንቋውን ድምፆች መለየት ሲችሉ፣ ያንኑ በቴሌቪዥን የተከታተሉት አልቻሉም። ቴሌቪዥን የልጁን ተራ አይጠብቅማ! በውጭ አገር የሚኖር ቤተሰብ ልጁ አማርኛ እንዲለምድ ብሎ የአማርኛ ቪዲዮ ከፍቶለት ዞር ሲል የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» የሚለይ ጆሮ አጠገቡ ተቀምጦ የሚመልስለት አያት ወይም አባት ይሻል።

እናት ልጇን አዝላ ስትሠራ በምትውልበት ቤት ለዚህ ጊዜ ከየት ይመጣል? ተገቢ ጥያቄ ነው። አዋቂዎች ሕፃንን እምብዛም በማያናግሩበት ማኅበረሰብም ልጆች አፋቸውን ይፈታሉ፤ ስለዚህ ሥራ የሚበዛባትን እናት መውቀስ ግፍ ነው። ደግሞም ተራ መስጠት የተለየ ሰዓት አይጠይቅም። ሲታጠብ፣ ሲጎርስ፣ ከጀርባ ሆኖ ድምፅ ሲያሰማ «አቤት የኔ ጌታ» ብሎ ትንሽ ዝም ማለት ይበቃል።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። እኔ የምለው ትዕግሥት የሰከንዶች ነው። «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገር» እያሉ ወራትን ማሳለፍ ሌላ ነገር ነው። ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በር በኃይል ሲዘጋ የማይደነግጥ ልጅ ሳይውል ሳያድር ጆሮው ይመርመርለት።