የቆመውን ድንጋይ ተዉትና ጎንበስ በሉ

እንግሊዛዊው ተጓዥ ካውፐር በ1895 እና በ1896 እ.ኤ.አ. በሊቢያ የታርሁናን ተራራማ አገር ሲያስስ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙ ረጃጅም ድንጋዮች አየ። አናታቸው ላይ ሌላ ድንጋይ እንደ ጉበን ተጋድሟል። የአካባቢው ሰዎች «ሰነም» ይሏቸዋል፤ ጣዖት ማለት ነው። ካውፐርም በ1897 ባሳተመው መጽሐፍ የጥንት አምልኮ ሥፍራ አደረጋቸው። ነገር ግን የሮማ ዘመን የወይራ ዘይት መጭመቂያዎች ነበሩ።

አልፈርድበትም፤ ግርማቸው ያሳስታል። እኔ ግን መጭመቂያ ስመዝን ቁመቱን የማየው በመጨረሻ ነው።

መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን እዩ። ወይራውን የሚጫነው ረጅም ግንድ አንድ ጫፉ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ይያዛል፤ ሌላው ጫፍ በገመድ ወደ ታች ሲሳብ የተያዘው ወደ ላይ ሊፈነቀል ይታገላል። ስለዚህ የግራና የቀኙ ቀዳዳ ትክክል ለትክክል መግጠም አለበት። የገመዱ መጠቅለያ እንጨት የሚሰካበት የክብደት ድንጋይ ደግሞ በሁለት ጎኑ ቦይ ተቆርጦለታል። ጣታችሁን አስገቡ፦ ወደ ውስጥ እየሰፋ ከሄደ ጠራቢው ሥራውን ያውቃል፤ እንጨቱ ተጎትቶ አይወጣም። ቀጥ ያለ ከሆነ እለፉት።

አሁን ጎንበስ በሉ። የወይራው ክምር ያረፈበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ክብ ቦይ አለው፤ ጥሩው አንድ መውጫ ብቻ ይኖረዋል፣ ቦዩም ወደዚያው በቀስታ ያዘቀዝቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ገንዳ ነው ልቤን የሚወስደው። ከመጭመቂያው የሚወርደው ዘይት ብቻ አይደለም፤ ሮማውያን አሙርካ የሚሉት ጥቁር መራራ ውሃም አብሮ ይወርዳል። (ሮማዊው የግብርና ጸሐፊ ካቶ በዚሁ ውሃ አውድማ ማራስን ይመክራል፤ እኛ በእበት እንደምንለቀልቀው።) ዘይቱ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከታች ይቀራል። የጎበዝ ግንበኛ ገንዳ በኖራና በተፈጨ ሸክላ ተለስኖ፣ ግድግዳና ወለሉ የሚገናኙበት ጥግ ተሞልቶ ክብ ሆኗል፤ ወለሉ ላይም ዝቃጭ የሚጠራቀምባት ትንሽ ጉድጓድ አለች። የሾለ ጥግ ካያችሁ አተላው እዚያ እየተጣበቀ የሚቀጥለውን ዘይት ሲያበላሽ እንደኖረ ቁጠሩት።

ወይራው ከመጨመቁ በፊት የሚደቅበትን ወፍጮም አትርሱ። ካቶ በሚሽከረከረው ድንጋይና በወፍጮው ገንዳ ከንፈር መካከል የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ክፍተት እንዲኖር፣ ድንጋዩም ወለሉን እንዳይፈትግ ያዛል። ወለሉ በክብ ጭረት ከተፋቀ ድንጋዩ ወርዶ ሲፈትግ ከርሟል። ሌላው ሮማዊ የግብርና ጸሐፊ ኮሉሜላም ከፍና ዝቅ የሚደረገውን ወፍጮ የመረጠው የወይራው ጠጣር ፍሬ እንዳይሰበር ብሎ ነው።

ወፍጮ ያልተገኘበትን መጭመቂያ ግን የዘይት ነው ለማለት አትቸኩሉ፤ የወይን ፍሬም ይጨመቅ የነበረው በዚሁ ዓይነት ግንድ ነው።