መደብ ያልተበጀተለት ሥልጠና፦ የወጣቶች የሥራ ፕሮግራሞችና የደመወዝ መመሪያ ከጠዳ አንጻር ሲገመገሙ

ጠዳ ከጎንደር በስተደቡብ፣ አዘዞን አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። በአማራ ክልል መካከለኛ የጤና ባለሙያዎችን ከሚያሠለጥኑት ተቋሞች አንዱ የሆነው የጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚገኘው በዚህችው ከተማ ነው። ስለ ወጣቶች ሥራ የሚደረግ ግምገማ ከእንዲህ ያለ ስፍራ ቢነሣ ይጠቅማል። ትምህርት ቤቱ፣ ማሠልጠኛውና ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ዕቅዳቸውን ለየብቻ በሚያወጡበት ጊዜ ጉዳቱ መጀመሪያ የሚደርሰው በምሩቁ ላይ ነውና።

የሥራ ፕሮግራሞች ዘገባ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም የሚያበቃውም በሠለጠኑና በተደራጁ ወጣቶች ቁጥር ነው። ይህ አቆጣጠር ግን ዋናውን ጥያቄ ይሸፍነዋል፤ ይኸውም የሠለጠነው ወጣት የሚገባበት መደብና የሚከፈለው ደመወዝ አስቀድሞ ታስቦለታል ወይ? የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልካም መልስ የሰጠ ፕሮግራም በአገሪቱ አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን ለአንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት እየመደበ፣ ከ30,000 በላይ የሚሆኑትን የመንግሥት ደመወዝተኛ አድርጓል። የዚህ ውጤት ምሥጢር የሥልጠናው ርዝመት አልነበረም፤ የቀበሌው ቁጥር ታውቆ፣ መደቡ ተፈቅዶ ሥልጠናው መከተሉ ነው። ኋላ ግን ማሠልጠኛዎች ሲበዙ የጤና ምሩቃን ቁጥር ከቅጥር በጀቱ በለጠ። ከዚህ የተነሣ ቀድሞ ሥራ መፈለግን የማያውቅ ሐኪም እንኳ መደብ ጠባቂ ሆነ። ሥራ አጥነቱ አልቀረም፤ ከ10ኛ ክፍል ወደ ዲፕሎማና ወደ ዲግሪ ከፍ አለ እንጂ።

ሁለተኛው መንገድ ወጣቱን በገንዘብ ረድቶ የራሱን ሥራ እንዲፈጥር ማድረግ ነው። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦለት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 34 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች ብድር እንዲያቀርብ ታስቦ ነበር። ይህን አሳብ የሚደግፉ ሰዎች ብላትማንና ደርኮን የተባሉ ሊቃውንት በኢትዮጵያ አካሂደው በ2010 ዓ.ም. ያሳተሙትን ጥናት በማስረጃነት ሊያቀርቡ ይችላሉ። በጥናቱ መሠረት በአምስት ድርጅቶች ሥራ ለመቀጠር ካመለከቱ ወጣቶች መካከል በዕጣ ተለይተው 300 ዶላር ያህል ስጦታና የንግድ ሥልጠና ያገኙት በአንድ ዓመት ውስጥ ገቢያቸው በ33 በመቶ ከፍ ብሏል። በፋብሪካ የተቀጠሩት ግን የገቢ ብልጫ አላገኙም፤ ብዙዎቹም ዓመት ሳይሞላቸው ሥራውን ለቀዋል።

ሆኖም ይህ ማስረጃ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። በመጀመሪያ፣ ወጣቶቹ ያገኙት ስጦታ ነው፤ ተዘዋዋሪው ፈንድ የሚሰጠው ግን ተመላሽ ብድር ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ለጥቂቶች ደረሰ እንጂ በአንድ ከተማ ለሚኖሩ ወጣቶች ሁሉ አልታደለም። እንደ ጠዳ ባለች ከተማ ሁሉም ተበድሮ ሱቅ ቢከፍት ያንኑ ገበያተኛ ይሻማሉ። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲመለከቱ በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። የአንድ ዓመት ዘገባ ብቻ ይዞ ፕላን የሚያወጣ ሰው ይሳሳታል ማለት ነው።

ደመወዝን በተመለከተም ልማዳዊው አሳብ እንደገና ሊመረመር ይገባል። የደመወዝ ወለል ከፍ ካለ ወጣቱ ሥራ ያጣል ይባላል። በ2009 ዓ.ም. በተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ላይ በአዲስ አበባ የተደረገው ጥናት ግን ሌላ ገጽታ ያሳያል። ወረዳዎቹ በዕጣ ተራ እየደረሳቸው የሕዝብ ሥራ ሲጀመር ተሳታፊዎች ለግል ሥራ የሚያውሉት ጊዜ ቢቀንስም፣ በግል ቀጣሪዎች ዘንድ የሚከፈለው ደመወዝ ከፍ ብሏል። አማራጭ ያገኘ ሠራተኛ ባነሰ ዋጋ ጉልበቱን አይሸጥምና።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ በደመወዝ ቦርድ አማካይነት እንዲወሰን በር ከፈተ እንጂ መጠኑን በራሱ አላስቀመጠም። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ያለው መነሻ ደመወዝ የመንግሥት ሠራተኛውን ብቻ የሚመለከት ነው። በመንግሥትና በግል ሥራ መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ ከሄደ ምሩቁ መደብ እስኪገኝ በቤተሰቡ ጫንቃ ላይ ሆኖ መጠበቅን ይመርጣል። ይህን ስንፍና ብሎ መጥራት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ወጣቱ የሚያደርገው ስሌት ፕላን አውጪዎች ራሳቸው ካስቀመጡት ቁጥር የሚነሣ ነው።

እንግዲህ ማሠልጠኛዎች የቅበላ ቁጥራቸውን ከመወሰናቸው በፊት የቅጥር በጀቱን ሊጠይቁ፣ የፕሮግራሞች ውጤትም በሠለጠኑት ብዛት ሳይሆን ከዓመታት በኋላ በሥራ ላይ በተገኙትና በሚከፈላቸው ደመወዝ ሊመዘን ይገባል። መምህሩም ተማሪውን «ተማርና ሥራ ታገኛለህ» ብሎ ሲመክር የሚሰጠው ተስፋ የራሱ ብቻ አይደለም። ተስፋው እንዳይታጠፍ መጠበቅ መደቡንና በጀቱን የሚወስኑት ሰዎች ኃላፊነት ነው።