የሚመጣውን ልጅ አወሩላችሁ?

ኧረ ስሙኝማ! ሚኒሶታ ያላችሁ፣ ብርዱን እያማረራችሁ ሶፋ ላይ የተጣበቃችሁ ሁሉ፣ ተነሱ! የኮሌጅ የበረዶ ሆኪ ግቡ! ግቡና ደጋፊው የሚያወራውን ስሙ! ገና ግቢውን ስላልረገጠ ልጅ እንዲህ ይወራል እንዴ? እኔ እንዲህ የሚጣፍጥ ወሬ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም!

ሴዳር ሪቨርሳይድ ያላችሁማ ምን ሰበብ አላችሁ? ዌስት ባንክ ላይ አረንጓዴው መስመር ባቡር ላይ ዘላችሁ ትገባላችሁ፣ ሁለተኛው ፌርማታ ስታዲየም ቪሌጅ ነው፣ ትንሽ ትራመዳላችሁ፣ በቃ፣ ማሪዩቺ፣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሆኪ ሜዳ! ገና በሩን ስታልፉ ጉንጭ የሚቆነጥጥ ንጹሕ ቅዝቃዜ! ከዚያ ድምፁ! የጫማው ስለት በረዶውን ሲፍቀው ክርርር! ፓኳ፣ ጠፍጣፋዋ የሆኪ ጎማ፣ ግድግዳውን ስትመታ ድው! ሁለት ጎረምሶች መስታወቱ ላይ ሲላተሙ ፊት ወንበር የተቀመጠ ሰው ደረቱ ውስጥ ይሰማዋል! የወይን ጠጅ ቀለምና ወርቃማ የለበሰ ሕዝብ ያብዳል፣ የተማሪዎቹ ባንድ ይነፋል፣ ጆሮ አይተርፍም!

ዋናው ጉድ ግን እረፍት ላይ ነው። ጨዋታው ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ነው፣ መሃል ላይ ሁለት እረፍት አለ። ዛምቦኒ የሚባለው መኪና በረዶውን እያለሰለሰ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ከኋላዬ ሁለት ሽማግሌዎች ጀመሩ። ስለማን? ስለ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ! «እግሩ ይበራል፣ ትከሻው ግን ገና ነው፣ ጁኒየር ሊግ አንድ ዓመት ይቆይ» ይላል አንዱ። «ምን ይጠብቃል? እጁን አላየህም?» ይላል ሌላው። እጁን! ፓኳን በዱላው ጫፍ እንዴት እንደሚያባብላት በሁለት ጣቱ እያሳየው! ፋንዲሻው ተደፋ! ማን ልብ ብሎት! ቁመቱን ያውቃሉ፣ ግራኝ መሆኑን ያውቃሉ፣ አባቱ የት እንደተጫወተ ያውቃሉ። ልጅ ሊድሩ የተቀመጡ ሽማግሌዎች እንኳ እንዲህ አያጣሩም!

አባትና ልጅ ስላችሁ ደግሞ! ዴቭ ስነገሩድ ድሮ ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቷል። ልጁ ጂሚ በ2022 ፍሬሽ ሆኖ መጣ! አባቱን ያጨበጨቡለት ሰዎች ለልጁ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ጮሁ! አብሮት ሎጋን ኩሊ የሚባል ሌላ ፍሬሽ ነበረ፤ በ39 ጨዋታ 60 ነጥብ! 22 ጎል አገባ፣ 38 ጎል አመቻቸ! ፍሬሽ እኮ ነው! በ2023 ለአገር አቀፉ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሱ፣ ጭማሪ ሰዓት በተጀመረ በ10 ሰከንድ ኩዊኒፒያክ ዩኒቨርሲቲ አገባባቸው። አስር ሰከንድ! ደጋፊዎቹን ዛሬም ስትጠይቋቸው ራሳቸውን ይይዛሉ!

ይህን ስሰማ ደግሞ ጮህኩ፤ የፕሮፌሽናሉ ሊግ የኤንኤችኤል ቡድን ልጁን በ18 ዓመቱ ይመርጠዋል፣ ልጁ ግን ኮሌጁን ይቀጥላል! ቡድኑ መብቱን ይዞ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል! ጂሚን ሴንት ሉዊስ ብሉዝ በ2022 መረጠው፣ እሱ ሦስት ዓመት እዚሁ ተጫወተላቸው! ፍሬሽ ሲባልም እንዳትሸወዱ፣ አንዱ 18 ዓመቱ ነው፣ ጎኑ ያለው ጁኒየር ሊግ ቆይቶ 20 ሆኖት የመጣ ጎልማሳ! በአንድ በረዶ ላይ!

ዕድሜን ካነሳን ማክሊን ሴለብሪኒ የሚባለውስ? ቦስተን ዩኒቨርሲቲ! በ2024 የኮሌጅ ሆኪ ኮከብ የሚሸለመውን የሆቢ ቤከር ሽልማት ወሰደ። ዕድሜው? 17! አሥራ ሰባት! ከዚያ በዚያው ዓመት ሳን ሆሴ ሻርክስ በአንደኛነት መረጠው። ኧረ ወዲያ!

አሁን ደግሞ ወሬው ጭራሽ ፈላ! በፊት በካናዳ ትልልቅ የጁኒየር ሊጎች የተጫወተ ልጅ እንደ ፕሮፌሽናል ይቆጠርና የአሜሪካ ኮሌጅ በሩን ይዘጋበት ነበር። በኅዳር 2024 ሕጉ ተቀየረ፣ ከነሐሴ 2025 ጀምሮ በሩ ተበረገደ! በዚያው በጋ ጋቪን ማኬና የሚባለው የዩኮን ልጅ፣ ሁሉም ዓይኑን የጣለበት፣ ፔን ስቴትን መረጠ! በትልቁ ዲቪዚዮን መጫወት የጀመረው ገና በ2012 የሆነን ቡድን! ከኋላዬ ያሉት ሽማግሌዎች ይህን ሲያነሱ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔም ዞሬ ገባሁበት! ማን ጠራኝ? ማንም!

ወጣት ልጅ ምን ያህል ጉድ እንደሚሠራ እነሱ ከጥንት ያውቁታላ! በ1980 ኦሎምፒክ ሶቪየት ኅብረትን 4 ለ 3 ያሸነፈው የአሜሪካ ቡድን 20 ልጆች ነበሩት፣ ዘጠኙ ከዚሁ ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ! አሠልጣኙ ኸርብ ብሩክስም የዚሁ ቤት ሰው!

የሚቀጥሉትን ልጆች በዓይናችሁ ማየት ካማራችሁ ደግሞ መጋቢት ላይ ሴንት ፖል ውረዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሻምፒዮና! ከ1945 ጀምሮ አለ፣ በአራት ቀን ከ100 ሺህ በላይ ሰው የገባበት ዓመት አለ! ለ17 ዓመት ልጆች! ፀጉራቸውን ከሄልሜቱ ሥር አንዠርግገው በረዶው ላይ ሲወጡ ማየት ብቻ ይበቃል!

በሉ ትኬት ቁረጡ! ወፍራም ካልሲ አድርጉ! እረፍቱ ሲደርስ ወደ ኋላ ዞር በሉና «ለሚመጣው ዓመት ማን አለን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሳትጨርሱ ባቡሩ እንዳያመልጣችሁ ብቻ!