ዳኛ ፊት ሎጂክ ምን ይሠራል?

«ሕግ ማለት ሎጂክ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። «የለም፣ ሕግ የአንደበት ጉዳይ ነው፤ አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ጨርሰውታል» የሚሉም አልጠፉም። በየሻይ ቤቱ ይኸው ሲያጯጩህ እየሰማን ዝም ማለት ስላልሆነልን በዚህች ገጽ ሁለቱንም ወገን ልንሞግት ተነስተናል። የሕግ ተማሪዎች አይደለንም። ግን ፍርድ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ መመርመር ደግሞ የኛም ሥራ ነው።

ከሎጂኩ ወገን እንጀምር። የሚጠቅሱት ምሳሌ ይታወቃል፤ የሌላውን ዕቃ ያለፈቃድ የወሰደ ሌባ ነው፤ እገሌ ወስዷል፤ እንግዲያው እገሌ ሌባ ነው። እንከን አይወጣለትም። ነገር ግን ለዚህ ለዚህማ ዳኛ ምን ያደርጋል? የአሥረኛ ክፍል ተማሪም ይበቃ ነበር።

ችግሩ የት እንደሚጀምር አንድ እውነተኛ ጉዳይ ያሳየናል። በኔዘርላንድስ፣ በሔግ ከተማ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም በሹራብ መሥሪያ ሽቦ የመብራት ቆጣሪውን ወግቶ አቆመው። መብራቱ ይበራል፣ ቆጣሪው አይቆጥርም። በስርቆት ተከሰሰ። ክርክሩ ኤሌክትሪክ «ዕቃ» ነው ወይ የሚል ሆነ፤ በእጅ አይጨበጥ፣ በትከሻ አይሸከሙት! የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1921 «ነው» አለ። ዋጋ አለው፣ ሰው ያዝበታል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ሕጉም የወጣው ንብረት ለመጠበቅ ነው የሚል ነበር ምክንያቱ። የጀርመን የበላይ ፍርድ ቤት ግን ለዚሁ ዓይነት ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1899 «አይደለም» ብሎ ነበር። በማግስቱ ዓመት፣ በ1900፣ ለኤሌክትሪክ ስርቆት ራሱን የቻለ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነ።

ታዲያ ሎጂክ የሳተው የትኛው ፍርድ ቤት ነው? አንዳቸውም። መደምደሚያቸው ከመነሻቸው በትክክል ይወርዳል። የተለያዩት ከመደምደማቸው በፊት፣ አንዲት ቃል ላይ ነው። ያቺን ቃል ለማስፋት ወይም ለማጥበብ ምክንያት ማቅረብ፣ የተቃዋሚን ምክንያት መስማት፣ መመለስ ያስፈልጋል። ሙግት የምንለው ይህንን ነው። እኛን የጠየቀን ባይኖርም ከጀርመኖቹ ጋር ነን፤ ሐኪሙ አጭበርባሪ መሆኑን ባንክድም፣ ቃል እየተለጠጠ ሰው የሚታሰርበት አገር ያስፈራናል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1129 እንደ ኤሌክትሪክ ያለውን ሰው የገራውን ኃይል ከሚዳሰስ ተንቀሳቃሽ ንብረት ቆጥሮ ለፍትሐ ብሔሩ ነገሩን አስቀድሞ ዘግቶታል። ብልህነት ነው። ወንጀሉ ላይ ግን ነገሩ ይጠብቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 2 ዳኛ በማመሳሰል ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል፤ ሕግ መተርጎምን ግን አይከለክልም። የሔጉ ዳኛ ተረጎመ ወይስ አመሳሰለ? ሰው የሚታሰረውም የሚፈታውም በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ባለው አጥር ላይ ነው፤ አጥሩ የት እንደሚያልፍ ደግሞ የሎጂክ መጽሐፋችን ምዕራፍ የለውም።

ይህን ያዩ ሰዎች ከኛ በፊት ነበሩ። አሜሪካዊው ሆምስ እ.ኤ.አ. በ1881 ከሎጂክ ይልቅ ልምድን አስቀደመ። ቱልሚንና ፔሬልማን እ.ኤ.አ. በ1958 በየፊናቸው የክርክርን ባሕርይ ከሒሳብ ሳይሆን ከችሎት ሊማሩ ሞከሩ። ሆምስን እየጠቀሱ ሎጂክን ጨርሶ ለሚንቁት ግን አንድ ጥያቄ አለን፤ ዳኛው ዛሬ ያለውንና ትናንት ያለውን ቢያጋጭ በምን ትይዙታላችሁ?

አሁን በላ ልበልሃ። ወዳጆቹ ግጥሙንና የእጁን ውዝዋዜ ነው የሚያደንቁት፤ እኛ ደግሞ ከሁሉ ያስደነቀን ውርርዱ ነው። ተሟጋቹ «ይህን ባላስረዳ» ብሎ ማር ወይም ፈረስ ወይም በቅሎ ሲወራረድ፣ ከሚጮኸው ነገር ሁሉ መካከል አንዲቱን ነጥብ ለይቶ መቆሙ ነው። ዛሬ ችሎት «ጭብጥ መያዝ» የሚለውን ያኔ በቅሎ ትሠራው ነበር! ጭብጥ ደግሞ በኛም ትምህርት ያለ ቃል ነው፤ ልቦለድ ስንተች የምንፈልገው እሱን አይደል? እዚህ ላይ አድናቆታችን ያበቃል። በቅሎ የሌለው በበቅሎ አይወራረድም። አንደበቱ የተሳሰረ ድሃም እውነቱን ይዞ ሊረታ ይችላል። ይህን ሳያነሱ ያለፈውን ማወደስ ለሙዚየም ጥሩ ነው፤ ለፍርድ አይሆንም።

እንግዲህ ፍርድን እንደ ጽሑፍ ስናነብ ምን እንፈልግ? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 182 ፍርድ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና የውሳኔውን ምክንያት እንዲይዝ ያዛል። ምክንያት የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ «ግልጽ ነው» ከሚለው ሐረግ ሥር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛ በትርጉም ሰበብ እንዳይርቅ ይከለክለዋል። መልካም። ነገር ግን አንዱ ተዋዋይ «ግልጽ ነው»፣ ሌላው «አይደለም» ብለው ፊቱ ቆመዋል። ግልጽ መሆኑን የሚያስረዳ አንድ መስመር እንኳ ሳይጽፍ «ግልጽ ነው» ብሎ የሚያልፍ ዳኛ ለተረታው ሰው ምን አነበበለት?