ወንዙ የት ላይ ያበቃል? የቪንሰንት ማሪናሮ የየብስ ነፍሳት ሐሳብ ሲመረመር

የቪንሰንት ማሪናሮ «ኤ ሞደርን ድራይ ፍላይ ኮድ» እ.ኤ.አ. በ1950 ሲወጣ ብዙም አንባቢ አላገኘም (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ የገነነው በ1970 ዳግም ከታተመ በኋላ ነው። ደራሲው በፔንሲልቬንያ የሚኖር የግብር ጉዳይ ባለሙያ ነበር፤ መጽሐፉም ትራውት የተባለውን ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ ለሚያጠምዱ የተጻፈ መመሪያ ነው። እኔ ግን የማነበው ስለ ወንዝ ድንበር እንደ ቀረበ ክርክር አድርጌ ነው። ማሪናሮ የትራውትን ማዕድ ከውሃው አውጥቶ እስከ ዳሩ ሣር ዘረጋው፤ ሣሩ ዘንድ ሲደርስ ግን ቆመ። ብርታቱም ጉድለቱም እዚያው ላይ ይታያል።

ከእሱ በፊት የነበረውን አስተሳሰብ በዋናነት የቀረጸው እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ሃልፎርድ ነው። በ1886 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በደቡብ እንግሊዝ በጠመኔ ምድር ላይ ለሚፈሱት ጥርት ያሉ ወንዞች የሚሆን ሥርዓት አበጀ፦ አጥማጁ ዓሣው ከውሃው ገጽ ሲለቅም አይቶ፣ የሚለቀመውን ነፍሳት ለይቶ፣ ያንኑ በላባና በክር መንጠቆ ላይ አስመስሎ ያቀርባል። በዚህ ሥርዓት የክብሩን ወንበር የያዘው ሜይፍላይ ነው፤ ዕድገቱን ወንዝ ውስጥ ጨርሶ፣ ክንፍ አውጥቶ፣ ለጥቂት ጊዜ የሚበርር ስስ ነፍሳት። ፌንጣና ጉንዳን ጨርሰው አልተረሱም፤ አይዛክ ዋልተን ገና በ1653 በፌንጣ ዓሣ ስለ ማጥመድ ጽፏል። ይሁንና ነፋስ የጣለው ሲሳይ ተደርገው ታዩ እንጂ ንድፈ ሐሳብ አልተሠራባቸውም።

ማሪናሮ ያጠምድበት የነበረው ሌቶርት፣ በፔንሲልቬንያ በካርላይል ከተማ ከኖራ ድንጋይ ሥር ፈልቆ በግጦሽ መስክ መሀል ቀስ ብሎ የሚሄድ ጅረት ነው። የምንጭ ውሃ በመሆኑ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ወራት እኩለ ቀን ላይ ሜይፍላይ እምብዛም አይታይም፤ ትራውቶቹ ግን ከውሃው ገጽ ላይ ሳያቋርጡ ይለቅማሉ። ምኑን? ማሪናሮንና ጓደኛውን ቻርልስ ፎክስን ይህ ጥያቄ ብዙ አስቸግሯቸዋል። መልሱ የተገኘው ማሪናሮ ዳሩ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ፊቱን ወደ ውሃው አስጠግቶ የሚያልፈውን ሲመለከት ነው። ቆሞ ለሚያይ ባዶ የሚመስለው ውሃ ጉንዳን፣ ጥቃቅን ጢንዚዛና ከቅጠል ቅጠል የሚዘሉ ደቃቅ ነፍሳት ተሸክሞ ይሄድ ነበር፤ ብዙዎቹ ከዳሩ ሣር የወደቁ። በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የሚልቅ ክፍል አላገኘሁም። ተመልካቹ ዓይኑን ከውሃው ገጽ ትይዩ ማውረዱ ራሱ የምርምር ዘዴ ሆኖ የቀረበው እዚህ ላይ ነውና።

ከዚህ ምልከታ «ጃሲድ» የተባለችው ሰው ሠራሽ ዝንብ ተወለደች። ቁጥር 20 ወይም 22 በሆነች ደቃቃ መንጠቆ ላይ አጭር የዶሮ አንገት ላባ ይጠመጠማል፤ ከላይና ከታች በመቀስ ይከረከምና ግራና ቀኝ የወጣው ብቻ ይቀራል። ከዚያ ከህንድ የዱር አውራ ዶሮ አንገት የተወሰደች፣ ጠንከር ያለች አንጸባራቂ ቅንጣት ላባ ጀርባዋ ላይ ተዘርግታ ትታሰራለች። አለቀ። ዓይን የላት፣ የተሠራ እግር የላት፣ የሆድ ቀለበት የላት። ምክንያቱ የብርሃን ጉዳይ ነው። ዓሣ ወደ ላይ ሲመለከት የውጭውን ዓለም የሚያየው 97 ዲግሪ ገደማ በሚከፈት ክብ መስኮት ነው፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለው የውሃ ገጽ ከሥር መስተዋት ይሆንበታል። ሜይፍላይ በእግሮቹ ቆሞ፣ ክንፉን ሽቅብ አድርጎ ይንሳፈፋል። ከሣር የወደቀች ነፍሳት ግን ውሃው ላይ ተለጥፋ ትተኛለች፤ ከሥር ለሚያያት ሰማዩን የጋረደች ጥላ ናት። ስለዚህ ውፍረቷን ማስመሰል አያስፈልግም፣ የአካሏ ዙሪያና ብርሃን አለማሳለፏ ይበቃል ይላል ማሪናሮ። የሃልፎርድ ወገን የነፍሳትን አካል በሰው ዓይን እያየ ዝርዝር ሲጨምር፣ ማሪናሮ በዓሣው ዓይን እያየ ቀነሰ። ይህ በእጅ ሥራ የተገለጠ ጥብቅ አመክንዮ ነው፤ አድናቆቴን አልሸሽግም።

ድካሙ የሚጀምረው መስኩን ከጥንት እንደነበረ ተፈጥሮ በመቁጠሩ ነው። ሌቶርት ላይ ከሚገናኙት ብዙዎቹ መጤዎች ናቸው። ቡናማው ትራውት በእንቁላሉ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሻገረው በ1883 ነው። በካርላይል አካባቢ የበረከተው የጃፓን ጢንዚዛ በአሜሪካ መጀመሪያ የታየው በ1916፣ በኒው ጀርሲ ነው፤ የሌቶርት አጥማጆች እሱን ለማስመሰል የቡና ፍሬ ሞርደው መንጠቆ ላይ እስከ መለጠፍ ደርሰዋል። ሣሩንም ያሳደጉትና ያሳጠሩት ገበሬና ላም ናቸው። እንግዲህ ማሪናሮ ያጠናው የየብስ ሲሳይ የእርሻና የንግድ ታሪክ ውጤትም ነበር። ይህን ታሪክ ቢጽፈው ኖሮ ከሣሩ ምግብ ብቻ እንደማይወርድ አንባቢውን ባስጠነቀቀ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከዳር እርሻ የገባ ፀረ ተባይ የሌቶርትን ዓሣ ፈጅቷል፤ ነፍሳቱን የሚመግበው መሬትና መርዙን የላከው መሬት ጎረቤት ናቸው።

ማሪናሮ የቆመበትን ቦታ አልፎ የሄደው አጥማጅ ሳይሆን ጃፓናዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ሺገሩ ናካኖ ነው። ናካኖና ባልደረቦቹ በሆካይዶ ደን ውስጥ ባለው ሆሮናይ ጅረት ላይ የግሪንሃውስ ዓይነት ሽፋን ዘርግተው ከዛፍና ከሣር የሚወድቁትን ነፍሳት ከለከሉ። ዓሦቹ ፊታቸውን ወደ ወንዙ ወለል አዞሩ፤ ወለሉ ላይ አልጌ የሚግጡት ነፍሳት ተበልተው አነሱ፤ አልጌው በዛ። በ2001 የታተመው ሥራቸው ደግሞ ከየብስ የሚወድቀው ምግብ የዚያ ጅረት ዓሦች ዓመታዊ የኃይል ምንጭ 44 በመቶ መሆኑን አሳየ። ከውሃ የሚወጡ ነፍሳትም በአንጻሩ ከደኑ ወፎች ዓመታዊ የኃይል ምንጭ 25.6 በመቶውን ይሸፍናሉ። ታኩያ ሳቶና ባልደረቦቹ በ2011 የጨመሩት ይበልጥ ያስደንቃል፦ በፌንጣ መሰል ነፍሳት አካል ውስጥ አድጎ ወደ ውሃ እንዲዘሉ የሚገፋፋቸው ጥገኛ ትል አለ፤ በዚህ መንገድ የሚገቡት ነፍሳት አንድ የትራውት ዘመድ የሆነ ዓሣ በዓመት ከሚያገኘው ኃይል 60 በመቶውን ይሸፍናሉ። ማሪናሮ በደረቱ ተኝቶ ያየው የዚህን ልውውጥ አንዱን ወገን ብቻ ነው። ውሃው ለመስኩ የሚመልሰውን አልጠየቀም፤ የጠየቀው ዓሣው ምን እንደሚበላ ነበርና። ያም ሆኖ ከናካኖ በፊት ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀድሞ ትክክለኛው ቦታ ላይ ተኝቷል።

ጉዳዩ ከእኛም አይርቅም። በባሌ ተራሮች በዌብና በዳንካ ወንዞች ከኬንያ መጥቶ የተለመደ ትራውት አለ፤ ወንዞቹ የሚያልፉት ከብት በሚሰማራበት ሣራማ መስክ ነው። ከጅረቱ ጎን ያለው ግጦሽ እስከ ውሃው ጫፍ ሲደርስ፣ ፌንጣና ጢንዚዛ የሚጠለሉበት ረጅም ሣር አብሮ ይሄዳል። በዚያ የሚካሄድ የዓሣ ጥናት መረቡን ከመጣሉ በፊት በሁለቱም ዳር ያለውን የሣር ቁመትና የከብቱን ብዛት መመዝገብ፣ የዓሣውንም ጨጓራ ከፍቶ የየብሱን ነፍሳት ከውሃው ለይቶ መቁጠር ይኖርበታል።