«ደረሰች» የተባለችው ልጅ፦ የተተረጎሙ ልብ ወለዶችና የተማሪዎች ሐተታ በራያ ቆላ

አማርኛ የሴት ልጅን ዕድገት የሚገልጽበት የታወቀ አነጋገር አለው፤ «ለአቅመ ሔዋን ደረሰች» ይባላል። ባጭሩም «ደረሰች» ማለት ይበቃል። ይኸው ግሥ ለእህልም ያገለግላል። በቆቦ ሜዳ ማሽላው ደረሰ ሲባል ለአጨዳ በቃ ማለት ነው፤ ልጅቱ ደረሰች ሲባል ደግሞ ለትዳር በቃች ማለት ነው። በሁለቱም አነጋገር የደረሰው ራሱ የሚወስነው ነገር የለም፤ የሚወስነው ሰብሳቢው ነው። ልብ ወለድ ግን የሴት ልጅን ዕድገት በሌላ መስፈሪያ ይለካል፤ ይኸውም ልጅቱ ያየችውን፣ የመረጠችውን፣ በመረጠችውም ምክንያት ያገኛትን እየተከተለ ነው። በሁለቱ መስፈሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚጻፈውን የመጽሐፍ ሐተታ ለመመዘን ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ተማሪዎች ስላነበቡት ልብ ወለድ የሚጽፉት ሐተታ ብዙውን ጊዜ አንድ የተለመደ ቅርጽ ይይዛል። በመጀመሪያ የደራሲውና የተርጓሚው ስም ይጠቀሳል፤ ቀጥሎ ታሪኩ ባጭሩ ይተረካል፤ በመጨረሻም «ከዚህ መጽሐፍ የምንማረው» በሚል ሐረግ አንድ ምክር ይሰጣል። ቅርጹ ጀማሪውን ጸሐፊ ሥርዓት ስለሚያስይዝ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም የሴቶች መከራ በዚህ ቅርጽ ሲቀርብ ከሁለት ቃላት አያልፍም፤ ሴቲቱ ወይ «ምስኪን» ወይ «ታጋሽ» ትሆናለች። ምስኪን ያደረጋት ማን ነው? የታገሠችውስ ምንን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች ሳይነሡ ሐተታው ያልቃል።

ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «መከረኞቹ» በሚል ርእስ ወደ አማርኛ የመለሱት የቪክቶር ሁጎ ድርሰት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በ1862 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ፋንቲን የተባለች ወጣት አባቷ የከዳትን ሕፃን ልጇን በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች እጅ ትታ በፋብሪካ ትቀጠራለች። ልጅ እንዳላት ሲታወቅ ከሥራ ትባረራለች፤ የልጇ አሳዳጊዎች ግን የገንዘብ ጥያቄያቸውን እያናሩ ይሄዳሉ። ፀጉሯን ትሸጣለች፤ ቀጥሎ የፊት ጥርሶቿን፤ በመጨረሻም ገላዋን። ይህን ያነበበ ተማሪ ማዘኑ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሁጎ ያቀረበው ኀዘንን ብቻ ሳይሆን ሰንሰለትን ነው። ምስጢሯን የምትበረብረው ሴት፣ ከሥራ የምታሰናብታት ተቆጣጣሪ፣ በሐሰት ደብዳቤ ገንዘብ የሚጠይቀው አሳዳጊ እያንዳንዳቸው የሰንሰለቱ ቀለበቶች ናቸው። «ምስኪን ፋንቲን» ብሎ የሚዘጋ ሐተታ ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል፤ መከራውንም ከሰው ሥራ ነጥሎ እንደ ዝናብ መቅረት ያለ የተፈጥሮ አደጋ ያስመስለዋል።

የፋንቲን ልጅ ኮዜት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች በገና ዋዜማ ሌሊት ትልቅ ባልዲ ይዛ ከጫካ ምንጭ ውሃ እንድትቀዳ ትላካለች። ለራያ ቆላ ተማሪ ይህ ትዕይንት ማብራሪያ አያሻውም። ውሃ መቅዳት በአብዛኛው ለሴት ልጅ የተተወ ሥራ መሆኑንና መንገዱ በረዘመ ቁጥር የትምህርት ሰዓት እንደሚያጥር ተማሪዋ ከማንም በላይ ታውቃለች። ሐተታ ጸሐፊው ግን ዐይኑን የሚጥለው በጨለማው ውስጥ ደርሶ ባልዲውን በተቀበላት በዣን ቫልዣን ላይ ነው፤ «ደግ ሰው አይጠፋም» ወደሚል ምክርም ያመራል። ሁጎ ከዚያ አስቀድሞ ልጅቱ ፍርሃቷን ለማራቅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከአንድ እስከ ዐሥር መቁጠሯን ይተርካል። የኮዜት ዕድገት የሚጀምረው ባልዲው ከእጇ ሲወሰድላት ሳይሆን ብቻዋን ስትቆጥር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን ዐረፍተ ነገር ያስተዋለች ተማሪ ከአንድ ገጽ ምክር የሚበልጥ ነገር አግኝታለች።

ሁለተኛው ምሳሌ ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብለው የተረጎሙት የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ ነው። ተርጓሚው በደርግ ዘመን በማዕከላዊ እስር ቤት ሳሉ ትርጉሙን በሲጋራ ወረቀቶች ላይ መጻፋቸውና ጽሑፉም ተደብቆ መውጣቱ በሰፊው ይታወቃል። የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ስካርሌት ኦሃራ ታሪኩ ሲጀምር ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ያፈቀረችው ሰው ሌላ ሴት እንደሚያገባ ስታውቅ በእልህ የማትወደውን ወጣት ታገባለች፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ባልዋ ሞቶባት የሙት ልጅ ትወልዳለች።

ይህ የዕድሜ ጉዳይ በክፍል ውስጥ ሊታለፍ አይገባውም። የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በዐሥራ አምስት ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ዕድሜውን ለሁለቱም ጾታዎች ዐሥራ ስምንት አድርጎታል። ስካርሌት እንግዲህ በመጀመሪያው ሕግ ሚስት፣ በሁለተኛው ሕፃን ናት። ተማሪዋ ይህን ስታነጻጽር «ደረሰች» የሚለው ቃል ትርጉም ከሰው ስምምነት የሚመነጭ መሆኑን ትረዳለች። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሰብለ ወንጌል መከራ በተቃራኒው ጋብቻ ከመዘግየቱ ይመነጫል፤ አባቷ ሊያገቧት የጠየቁትን ሁሉ እየናቁ ይመልሳሉና። ፈጠነም ዘገየም፣ ችግሩ ጊዜውን የሚቆርጠው ሌላ ሰው መሆኑ ላይ ነው። በመሆኑም የትርጉም ልብ ወለድ ከአገር ውስጥ ድርሰት ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ እንጂ ሲተካው አይጠቅምም።

በ«ነገም ሌላ ቀን ነው» ውስጥ ጦርነቱ በአብዛኛው የሚታየው በቤት ከቀሩት ሴቶች ዐይን ነው። ስካርሌት ወደ ትውልድ ቤቷ ስትመለስ እናቷ ሞታ፣ አባቷም ልቡናው ተናውጦ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ ታገኛለች። በረኀብ ተገፍታ ከአፈር ውስጥ ሥር ቆፍራ ትበላለች፤ ዳግመኛ ላለመራብም ትምላለች። ይህን ምዕራፍ በምቾት የሚያነብ አንባቢ መሐላውን እንደ ትዕቢት ሊቆጥረው ይችላል። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ፣ ከዚያም የ1977ቱ መከራ ከአያቶች አፍ በሚሰማበት፣ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮም ጦርነት ደጋግሞ በጎበኘው በቆቦ ግን መሐላው ሌላ ክብደት አለው።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ለመምህራን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የትርጉም ልብ ወለድ ትልቁ ጥቅም ርቀቱ ነው። አንዲት ልጅ በራሷ ስም ልትናገረው የማትደፍረውን ያለዕድሜ ጋብቻ፣ የጦርነት ድንጋጤ፣ ወይም ወደ ዐረብ አገር የሄደች እኅቷን ናፍቆት በስካርሌት ወይም በፋንቲን ስም ልትጽፈው ትችላለች። መጽሐፉ መጋረጃ ይሆናታል። «ይህ በአንቺ ሕይወት እንዴት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር በጎ ቢያስብም መጋረጃውን ይቀዳል፤ የግል ምስክርነትንም ለማርክ ያስገድዳል። ትክክለኛው ጥያቄ ወደ መጽሐፉ የሚመልሰው ነው፤ «ስካርሌት በዚህ ገጽ ለምን እንዲህ አደረገች?» የሚለው። ልጅቱ የራሷን ሕይወት ማንሣት ብትሻ በፈቃዷ ታነሣዋለች፤ ባታነሣውም ምንም አልጎደለም።

ርቀቱ ግን ጉዳትም አለው። አንባቢ ዋናይቱን ገጸ ባሕርይ እየተከተለ በዙሪያዋ ያሉትን ይረሳል። በሚቸል መጽሐፍ የስካርሌትን ቤት በጉልበታቸው የተሸከሙት ባሪያ የተደረጉ ጥቁር ሴቶች ናቸው። ሞግዚቷ «ማሚ» ከመባል በቀር የራሷ ስም እንኳ አልተሰጣትም፤ የልጅነቷም የዕድገቷም ታሪክ አይነገርም። ደራሲዋ የባርነትን ሥርዓት በናፍቆት ስለምታየው ይህ ዝምታ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ስለ ሴቶች መከራ የሚጽፍ ሐተታ ማሚን ካላነሣ የደራሲዋን ዝምታ ደግሞ ጻፈው ማለት ነው። ይህም ከራያ ቆላ የራቀ ጉዳይ አይደለም። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት እያገለገለች የማታ ትምህርት የምትከታተል ልጅ በዚያው ከተማ አለች፤ የእርሷ ማደግ በየትኛው ታሪክ ይተረካል?

ከዚህ በመነሣት ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ጥቂት ነጥቦችን ማቅረብ ይቻላል። አንደኛ፣ «ከዚህ መጽሐፍ የምንማረው» የሚለው መዝጊያ «በዚህ ታሪክ የወሰነው ማን ነው? ዋጋውን የከፈለውስ?» በሚል ጥያቄ ቢተካ ሐተታው ከምክር ወደ ምርመራ ይሸጋገራል። ሁለተኛ፣ ማርክ የሚሰጠው ለኀዘኑ ብዛት ሳይሆን ከመጽሐፉ ለሚጠቀሰው ማስረጃ ሊሆን ይገባል። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በታሪኩ ውስጥ ዝም የተባለችውን አንዲት ሴት ፈልጎ ስለ እርሷ አንድ አንቀጽ እንዲጽፍ ቢታዘዝ ንባቡ ይሰፋል። አራተኛ፣ ወንዶች ተማሪዎች ይህን ሥራ እንደ ሴቶች ጉዳይ ቆጥረው እንዳያልፉት መደረግ አለበት፤ የሚወስኑት ገጸ ባሕርያት በአብዛኛው ወንዶች ናቸውና። አምስተኛ፣ ቅጂው አንድ ብቻ በሆነበት ትምህርት ቤት መጽሐፉ ሁሉ ካልተነበበ ማለት አያስፈልግም፤ የኮዜት ሌሊት ብቻ በክፍል ውስጥ ድምፅ ተሰጥቶት ቢነበብ ለአንድ ሳምንት ሥራ ይበቃል።

የማሽላን መድረስ ገበሬው ዛላውን አይቶ ይፈርዳል። የሴት ልጅን መድረስ ግን ከውጭ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ራሷ ልትናገረው ይገባል። ሐተታ የተባለው ትንሽ የክፍል ሥራ ይህን ንግግር የምትለማመድበት ቦታ ነው። ቦታውን በምክር መሙላት ቀላል ነው፤ ለእርሷ ክፍት አድርጎ መጠበቅ ግን የመምህሩ ሥራ ነው።